ሳህኑ ባዶውን እንዳይመለስ፦ ከውጭ አገር መጥቶ አጥር ከሚጋራችሁ ቤተሰብ ጋር ጉርብትና በባሕር ዳር

ባሕር ዳር የውጭ ሰው ብርቋ አይደለም። ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ከተከፈተበት ከ1955 ዓ.ም ጀምሮ ሩሲያዊ አስተማሪ አይታለች፤ በኋላም ለዩኒቨርሲቲው የመጡ ሕንዳውያን መምህራን ከነቤተሰባቸው ቤት ተከራይተው ኖረውባታል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ በመተማ በኩል ብዙ ሱዳናውያን ወደ አማራ ክልል ገብተዋል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ከጎኑ ቤት ለገባበት ሰው ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ስለ ሱዳናዊና ስለ ሕንዳዊ ጎረቤት ናቸው።

እንዲህ ያለ ጉርብትና የሚበላሸው በጥላቻ እንዳይመስላችሁ። ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው ደግነት ሲበዛ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንጀራው፣ ዶሮ ወጡ፣ ቡናው፣ ዳቦው ይጎርፋል። እንግዳው ገና ድስት አልገዛም፤ ምን ብሎ ይመልስ? ያፍርና በሩን ይዘጋል። እኛም «ኩሩ ናቸው» ብለን እንተዋለን። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ መለኪያው አንድ ነው፦ የምትሰጡት ነገር ሊመለስ የሚችል ይሁን፤ እናንተም ቶሎ ብላችሁ ከእነሱ አንድ ነገር ጠይቁ።

የመጀመሪያው መንኳኳት

ዕቃ በሚያወርዱበት ቀን አትሂዱ። ጉልበት ካስፈለጋቸው አንድ ሁለት ጎረምሳ ላኩና እናንተ ቆዩ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀን ጥሩ ነው። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ከአሥር ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያለው ይመቻል፤ አስር የሚባለው የከሰዓት በኋላ ሶላት አልፎ መግሪብ፣ የጀምበር መጥለቂያው ሶላት፣ ገና ነው። ዓርብ ቀትር ግን የጁምዓ ሰዓት ነውና አይኬድም። ባልየው ከቤት መውጣቱን እያወቀ ወንድ ብቻውን ሄዶ አያንኳኳ፤ የቤቱ እመቤት ልጅ አስከትላ ብትሄድ ከሁሉ ይሻላል። በር ላይ ቁሙ፤ ግቡ ካልተባላችሁ አትግቡ። ለመጨበጥ ቀድማችሁ እጅ አትዘርጉ። ከተዘረጋላችሁ ጨብጡ፤ ካልተዘረጋ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ጎንበስ ማለት ይበቃል።

ይዛችሁ የምትሄዱት አንድ ሳህን ነው። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሙዝ ወይም የድፎ ዳቦ ሩብ ይሁን። እነዚህን የማያውቅ ወይም በሃይማኖት ምክንያት የሚፈራቸው ሰው የለም። ወጥ ለሌላ ቀን ይቆይ። በፌስታል አትውሰዱ፤ ሳህኑ ከቤታችሁ ዕቃ ይሁን፣ ከብርጭቆና ከሸክላ ስብስባችሁ የጎደለ እንደሆነ የሚያስታውቅ። ሳህን መመለስ አለበት፤ እዚህም፣ ሱዳንም፣ ሕንድም ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ሁለተኛው መገናኘት በዚያ ሳህን ተቀጠረ ማለት ነው። ሳህኑ ሁለት ሳምንት ቢቆይ አትጠይቁ፤ የሚሞላበትን እየፈለጉ ይሆናል።

ንግግሩ አጭር ይሁን። የልጆቹን ስም፣ የሚሠሩትን ሙያ፣ ምግብ ነክ ነገር መጠየቅ ይቻላል። እንዴት እንደወጡ፣ ማን እንደሞተባቸው፣ ወረቀታቸው ምን እንደሆነ፣ ደሞዛቸው ስንት እንደሆነ አይጠየቅም። ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው ሲፈልግ ራሱ ይነግራችኋል፤ ያን ቀን ዝም ብሎ መስማት ነው። ለሌላ ሰው ስታስተዋውቋቸውም «ስደተኞቹ» አትበሉ፤ የእገሌ አባት፣ የእገሌ እናት በሏቸው። ሱዳናውያንም በበኩር ልጅ ስም መጠራራት ልማዳቸው ነው።

መጀመሪያ የሚነገሩ ነገሮች

ከምግቡ የሚበልጥ ስጦታ መረጃ ነው፤ መመለስም አያሳፍርም። ውሃ በየትኞቹ ቀናት እንደሚመጣ፣ በሌሊት ከመጣ ሮቶውን ማን እንደሚከፍት፣ ቆሻሻ የሚያነሱት መቼ እንደሆነ፣ ሌሊት የሚሠራው ፋርማሲ የት እንዳለ ንገሯቸው። የሰዓት እላፊ ወይም የመንገድ መዘጋት ሲታወጅ ማስታወቂያው በአማርኛ ነውና ባይሰሙት አይፈረድባቸውም። ያን ቀን በራቸውን አንኳኩታችሁ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ በቁጥር ጽፋችሁ ስጡ።

በቁጥር ስትጽፉ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ። «ነገ ሦስት ሰዓት» ብላችሁ የጋበዛችሁት ሰው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢመጣ ጥፋቱ የናንተ ነው። «3፡00 ጠዋት፣ በእነሱ 9፡00» ብሎ መጻፍ ነው፤ ልዩነቱ ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ነው። ቀኑም እንዲሁ። የእኛንና የእነሱን አቆጣጠር ጎን ለጎን የያዘ የግድግዳ ካላንደር ከመጽሐፍ መደብር ገዝቶ መስጠት ርካሽና ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል ስጦታ ነው። ካላንደሩ ላይ የእናንተን ጾም በአንድ ቀለም፣ የእነሱን በሌላ ቀለም አብራችሁ ምልክት አድርጉ። ረመዳን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ ያምናውን አይታችሁ አትገምቱ።

ሐይቁን በሚመለከት ሁለት ነገር አስጠንቅቁ። ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ብልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ፤ ልጆች እዚያ እየገቡ አይታጠቡ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ፤ ሲመሽና ሲነጋ ወደ ዳር ይወጣልና በዚያ ሰዓት ዳርቻው ላይ አይኬድም። ክረምቱ ወጥቶ እስከ ኅዳር ድረስ ወባ ይበረታል። አጎበር መስቀያው የት እንደሆነ አሳዩ፤ ልጅ ካተኮሰው በዚያው ቀን ደም እንዲመረመር ንገሩ። ካርቱም ያደገ ሰው ወባን ያውቃታል፤ የማያውቀው ጤና ጣቢያው የት እንዳለ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ትንሽ ቢመስልም ብዙ እመቤት አበሳጭቷል። ካርቱም ከባሕር ወለል 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ባሕር ዳር ግን 1800 ሜትር። እዚህ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር በለመዱት ሰዓት አይበስልላቸውም። አዲሷ ጎረቤት ባቄላው መጥፎ ነው ወይም ከሰሉ ደካማ ነው ብላ ትማረራለች። ማታ ዘፍዝፋ እንድታሳድር ንገሯት፤ ፕሬሸር ኩከር ካላችሁ አውሷት። ማዋስ ከመስጠት ይሻላል፤ ሲመለስ ወሬ ይዞ ይመጣልና።

የሥጋው ነገር

እዚህ ላይ ጠንከር ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ወዳጅነት የሚሰበረው እዚህ ነው። ባሕር ዳር ያደገ ሰው የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ እንደማይቀላቀል ከልጅነቱ ያውቃል፤ ማንም በማንም አይቀየምም። ከሱዳን የመጣ ሰው ግን ይህ ልማድ እዚህ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ለዒድ ያረደውን በግ ወጥ ሠርቶ ይልክላችኋል። እናንተ አመስግናችሁ ትቀበሉና ለውሻ ትሰጣላችሁ፤ ልጁ በአጥር ያያል። ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም።

ይህ እንዳይሆን በመጀመሪያው ወር፣ ማንም ሥጋ ሳይልክ፣ በግልጽ ተናገሩ፦ «እኛ ቤት የሙስሊም ሥጋ አይበላም፤ እናንተም የኛን እንደማትበሉ እናስባለን፤ ከሥጋ በቀር ሁሉን እንካፈላለን።» እንቁላል፣ ወተት፣ እርጎ፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ዓሣ ክፍት ነው። ሳይነገር ሥጋው ከመጣ ደግሞ በር ላይ ሳህኑን ሳትቀበሉ በትሕትና አስረዱ፤ ተቀብሎ ከመጣል ይህ ያነሰ ያማል። ሠርግ ወይም ክርስትና ደግሳችሁ ስትጠሯቸው በዚሁ አገር የቆየ መፍትሔ አለ፦ ለብቻው በግ ይገዛል፤ ሙስሊም ያርደዋል፤ ሙስሊም ሴት በሌላ ድስት፣ በሌላ ቢላዋ፣ በሌላ ጭልፋ ትሠራዋለች። ድስቱን አጥቦ መጠቀም አይበቃም፤ ተውሳችሁም ቢሆን ሌላ አምጡ።

ሕንዳዊ ጎረቤት ከሆነ ጉዳዩ ይለያል። ብዙዎቹ ሥጋና ዓሣ አይበሉም፤ የሚበሉትም ቢሆኑ ሂንዱ ከሆኑ የከብት ሥጋ አይነኩም። ለእነሱ የጾም በያይነቱ እንደ ተፈለገው ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት። አስቀድማችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ እንቁላል ትበላላችሁ? ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትስ? አንዳንዱ ቤት ሁለተኛውንም አይበላም፤ ያለ ሽንኩርት ሽሮ ማቁላላት ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። እነሱም ወተትና ቅቤ ያለበትን ጣፋጭ ረቡዕና ዓርብ ሊልኩላችሁ ይችላሉ። ተቀበሉ፤ ጾም መሆኑን ንገሩና ፍሪጅ አስገብታችሁ በማግስቱ ብሉት። ሳህኑን ስትመልሱ ጣዕሙን ጠቅሳችሁ አመስግኑ፤ መበላቱን ያውቃሉ።

መጠጥን በተመለከተ ጠላና አረቄ ለሙስሊም ጎረቤት አይቀርብም፤ ጠላ በተጠጣበት ጣሳ ውሃ ማቅረብም ደስ አይላቸውም። ብርዝ ለማቅረብ ከፈለጋችሁ በዚያው ቀን የተበረዘ ይሁን፤ ሲያድር መፍላት ይጀምራል።

ዓሣ፣ የጋራው ማዕድ

ጣና ለዚህ ችግር መልስ ሰጥቷል። ዓሣ አይታረድም፤ ስለዚህ ማን አጠመደው ማን ሠራው የሚል ጥያቄ የለም። የመጀመሪያውን ሙሉ ግብዣ በዓሣ አድርጉት። አምባዛን ግን ተዉት። ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ኦርቶዶክስ ቤተሰብ አይበላውም፤ ሱዳናውያን ቢወዱትም አብሮ ለመብላት ቆሮሶ ይሻላል። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም ቤት አለ፤ በዐቢይ ጾም ግን ግብዣውን ለፋሲካ ማግሥት አቆዩት።

ለስድስት አዋቂ እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ የሚሆን አራት ቆሮሶ በቂ ነው። በጠዋት፣ ታንኳዎቹ ሲመለሱ ግዙ። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ሥጋው ተመልሶ የሚነሳ ይሁን። ቅርፊቱን ከጅራት ወደ ራስ ፋቁ፤ ሆዱን ከፍታችሁ አጽዱ፤ በሆዱ ውስጥ ያለውን ጥቁር ስስ ሽፋን በደንብ ላጡት፤ የሚመርረው እሱ ነው። በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ጣት እያራራቃችሁ እስከ አጥንቱ ብጡት። በጨውና በአንድ ሎሚ ጭማቂ እሹት፤ ከሩብ ሰዓት በላይ ግን አታቆዩት፤ ሎሚው ሥጋውን ያላላውና ዘይት ውስጥ ይበታተናል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ፤ እርጥብ ከገባ ዘይቱ ይረጫል፣ ዓሣውም መጥበሻው ላይ ይጣበቃል።

ዘይቱ አዲስ ይሁን። ሥጋ የተጠበሰበት ዘይት ከሆነ ዓሣ የመረጣችሁበት ምክንያት ፈረሰ፤ እንግዳው ባይጠይቅም ያስባል። ስለዚህ የዘይቱን ጠርሙስ ፊታቸው ብትከፍቱ ነገሩ ያልቃል። ዘይቱ የዓሣውን ግማሽ ይሸፍን፤ ቁንጥር ዱቄት ስትጥሉበት ወዲያው ካረፋ ግሏል። በአንድ ጎን አምስት ስድስት ደቂቃ፣ ገልብጣችሁ እንዲሁ። ሁለት ሁለቱን ጥበሱ፤ አራቱ አንድ ላይ ከገቡ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ዓሣው ዘይት ይጠጣል። በዳጣና በሎሚ አቅርቡ፤ ዳጣው በተለየ ሳህን ይሁን፤ ልጆቻቸው ያቃጥላቸዋል።

ጉርሻ አንዴ ይበቃል። ሱዳናዊ እንደኛው አንዴ እምቢ ማለት ጨዋነቱ ነው፤ ደግማችሁ ብትሉት ይበላል። ሁለቴ እምቢ ካለ ግን፣ ሕንዳዊ ሲሆን በተለይ፣ «በሞቴ» ማለቱን ተዉት። የበላው በቅቶት ነው።

ቡናና ውለታ

ቡና ስትጠሩ ቀንና ሰዓት ቁረጡ። «ብቅ በሉ እንጂ» ጥሪ አይደለም፤ እኛ እንደ ሰላምታ የምንለውን እንግዳው እውነተኛ ጥሪ መስሎት ሲጠብቅ ይኖራል። ለስድስት ሰው አንድ ሲኒ ተኩል ጥሬ ቡና ለሦስቱም ዙር ይበቃል። ሦስት ዙር እንደሆነና ሁሉንም መጠጣት ግዴታ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ንገሩ፤ አለዚያ ሁለተኛው ሲቀዳ ሊነሱ ይሞክራሉ፤ ወይም እንቅልፋቸውን እያጡ በይሉኝታ ይጠጣሉ። ጭሱንም ቀንሱት፤ ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሊኖር ይችላል።

ሱዳናውያን ራሳቸው በጀበና የሚያፈሉ፣ ዝንጅብል የሚጨምሩበት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሁለተኛው ቡና እነሱ ቤት ይሁን። አትፈሩ፤ «በሚቀጥለው ሳምንት የናንተን እንቅመስ» በሉ። ይህ ጨዋነት የጎደለው ቢመስልም ከሁሉ የሚጠቅመው እርምጃ ነው። አስተናጋጅ ያልሆነ ሰው ሁልጊዜ እንግዳ ነው። እንዲሁም ሙያ ጠይቁ፦ መምህሩን ለልጃችሁ አንድ የሒሳብ ጥያቄ፣ መካኒኩን የውሃ ፓምፑን ድምፅ እንዲሰማላችሁ፣ እናትየዋን የአበሳሰል ዘዴዋን። ረመዳን ላይ አባወራዎቹ በር ላይ ምንጣፍ አንጥፈው መንገደኛውን ለኢፍጣር ሊጠሩ ይችላሉ፤ በሱዳን ልማዱ ነው። ሲጠሯችሁ ተቀመጡ፤ ቴምርና ውሃ ቀምሳችሁ ብትነሱም ይበቃል።

የገንዘብ ብድር ወዳጅነቱን ቶሎ ያሟሽሸዋል። ማበደር ካለባችሁ ባይመለስ የማይጎዳችሁን መጠን ስጡ። የሌላ ሰው ፓስፖርት ወይም መታወቂያ በአደራ አትያዙ። በእነሱና በአከራዩ መካከል ገብታችሁ ደላላ አትሁኑ፤ ውሉን ማንበብ ከጠየቋችሁ ግን ቀብድና የማሳወቂያ ጊዜ የሚሉትን ዐረፍተ ነገሮች አንብባችሁ አስረዱ።

ቆጣሪ፣ ጭስ፣ ድምፅ

በአንድ ግቢ ከሆናችሁና ቆጣሪው አንድ ከሆነ መጀመሪያ ይህ ይስተካከል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ 16 አምፔር በሆነ መስመር ላይ ሌላ ምድጃ ከተጨመረ ብሬከሩ ይወድቃል። እንጀራ የምትጋግሩበትን ቀንና ሰዓት ንገሯቸው። ሒሳቡን በሰው ቁጥር ከማካፈል ትንሽ የውስጥ ቆጣሪ ማስገጠም ይሻላል፤ በየወሩ ከመጨቃጨቅ ያድናል። በርበሬ የምትቆሉ ቀን አስቀድማችሁ መስኮት እንዲዘጉ አስጠንቅቁ። የክብረ በዓል ማኅሌት ሌሊቱን በድምፅ ማጉያ የሚሰማበት ሰፈር ከሆነም የመጀመሪያውን ሌሊት ደንግጠው እንዳይነሱ ንገሯቸው። ውሻ ካላችሁ ሲመጡ እሰሩ፤ ብዙ ሙስሊም የውሻ ምራቅ ልብሱን እንዳይነካው ይጠነቀቃል።

ልጆቹ አማርኛ ከወላጆቻቸው ቀድመው ይለምዳሉ። ለገበያ ያስተርጉሙ፤ ለሕመም፣ ለገንዘብና ለሞት ጉዳይ ግን ልጅ አታስተረጉሙ። ከወላጆቹ ጋር በስልክ ትርጉም ስትጻጻፉ አጫጭር ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ተረትና ምሳሌ ማሽኑን ያሳብደዋል። ገበያ አንዴ አብራችሁ ሂዱ፤ የቲማቲም መደብ፣ የሽንኩርት ኪሎ ስንት እንደሆነ አሳዩና ደንበኛ አስይዟቸው። ሁልጊዜ ስለ እነሱ አትከራከሩ፤ መከራከሩን ራሳቸው ይልመዱት።

ለቅሶና መሄድ

ሙስሊም ቤት ሰው ሲሞት ቀብሩ በዚያው ቀን ነው፤ ማታ ሥራ ስትጨርሱ ልትደርሱ ካሰባችሁ አልፏችኋል። ዘመዳቸው አገራቸው ሞቶ መርዶ በስልክ ከመጣም ቤታቸው ሄዶ መቀመጥ ያው ለቅሶ ነው። ስኳርና ቡና ይዛችሁ ሂዱ፤ ምግብ ከሆነ ሥጋ የሌለበት። የሰፈሩን እድር ሊቀመንበር አነጋግራችሁ ወንበርና ድንኳን በኪራይም ቢሆን እንዲሰጣቸው አድርጉ፤ ዓመት የቆዩ ከሆነ አባል ስለሚሆኑበት መንገድ ጠይቁላቸው። እቁብ ግን ለሁለቱም ወገን አይመከርም፤ መቼ እንደሚሄዱ ራሳቸውም አያውቁም።

የመምህራን ኮንትራት ብዙውን ጊዜ ክረምት ላይ ያበቃል፤ ሸሽቶ የመጣ ቤተሰብ ደግሞ በጥቂት ቀን ማስታወቂያ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ፣ ከሰኔ አጋማሽ በፊት፣ አስወጡላቸው፤ ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጎምና ማረጋገጥ ቀናት ይወስዳል። የውሃና የመብራት ሒሳብ ከመውጣታቸው በፊት ተከፍሎ ደረሰኙ ለአከራዩ ይሰጥ። የሚሸጡትን ዕቃ ከገዛችሁ በሰፈሩ ዋጋ ግዙ፤ መሄዱ ያስቸኮለውን ሰው ዋጋ መቁረጥ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ዘመዶቻቸው ጋ ይደርሳል። ስልክ ስትለዋወጡ እዚህ የሚይዙትን ሲም ቁጥር ብቻ አትመዝግቡ፤ ከሄዱ በኋላ ይዘጋል። አገራቸው ያለ ወይም ሌላ አገር የተቀመጠ አንድ ዘመድ ቁጥር ከነ አገር ኮዱ ወረቀት ላይ አስጽፉና በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እነሱ ፊት ሞክሩት።